የእረፍት ቀናችን እስኪገጣጠም

እኔና ባለቤቴ በላይ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የምንኖርበት፣ ዳላስ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለው አፓርታማ ለተከራዩ ሁሉ አንድ የጋራ የልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ ነበረው፤ ከማድረቂያዎቹ አንዱ ስለተበላሸ ተራ ጠብቀን ነው የደረሰን። አንሶላው ትኩስ እንዳለ ሁለቱን ጫፍ እሱ፣ ሁለቱን ጫፍ እኔ ይዘን ወጠርነው፤ ከዚያ ጫፍ ከጫፍ ለመግጠም ተጠጋጋን። በላይ እንዲህ ስንጠጋጋ ሁልጊዜ ግንባሩን ግንባሬ ላይ ነካ ያደርግ ነበር። የዚያን ቀን አንገቱን መለስ አደረገ።

«ዛሬ ይቅርብሽ፣ ላብ ላብ እሸታለሁ» አለኝ።

እኔም አመንኩት። የትራስ ልብሱን አጥፈን ጨረስን፤ ቅርጫቱን እሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣን።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ትንሽ እጽፍና ለሳምንታት እተወዋለሁ። የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። የማይለቅ ራስ ምታት ያለበት ሰው፣ ወይም ከሐኪም የሰማውን ክፉ ወሬ ለበሽተኛው እንዴት ብሎ እንደሚነግር የጨነቀው ቤተሰብ ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

በላይ የራግቢ ሊግ ተጫዋች ነበር። ራግቢ ሲባል ብዙ ሰው የብረት ቆብ አጥልቀው የሚጋጩት አሜሪካኖች ይመጡበታል። የእሱ ሌላ ነው። አሥራ ሦስት ሰው ከአሥራ ሦስት ሰው ጋር ይገጥማል፤ ቆብ የለም፣ ኳሱን አቅፎ መሮጥ ነው። ኳሱን የያዘውን ሰው ሌሎቹ ተረባርበው ይጥሉታል፤ እሱም ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው ያንከባልላል፤ ያም ይሮጣል፣ ያም ይጣላል። ስድስት ጊዜ ከተጣሉ ኳሱን ለባላጋራ ይለቃሉ። በላይ ጨዋታውን ለሰው ሲያስረዳ፣ «ወድቆ ቶሎ መነሣት ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው» ይል ነበር።

ጨዋታውን የተማረው እንግሊዝ አገር ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከጎንደር በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ወደ ሰሜን እንግሊዝ ወሰደው። የሱፍ ፋብሪካ ያለባት፣ ዝናብ የማያባራባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ያስጠጉት ሰዎች ልጅ ወደ ልምምድ ይዞት ሄደ። ቋንቋው ሳይገባው የገባው የመጀመሪያው ነገር ያ ጨዋታ እንደሆነ ነግሮኛል። ቀን ፋብሪካ እየሠራ፣ ማታ በጭቃ ላይ እየተጣለ፣ እስከ ከተማው ክለብ ሁለተኛ ቡድን ደረሰ። ኋላ እዚህ ዳላስ የነበረችው ታላቅ እኅቱ እትዬ ዘውዴ አስመጣችው፤ ያን ጊዜ ጨዋታው እንዳበቃ ቆጥሮት ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ራግቢ ሊግን ማን ያውቀዋል?

አንድ ቀን ከሰፈራችን አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ሲነዳ ሞላላ ኳስ የሚወረውሩ ወንዶች አየ። አሜሪካኖቹ ኳስ ወደ ፊት ነው የሚወረውሩት። እነዚህ ወደ ኋላ ይወረውራሉ። መኪናውን ሣር ላይ አቁሞ፣ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ ገባ። ሰዎቹን የሰበሰበው ኬን የሚባል በነዳጅ ኩባንያ የሚሠራ አውስትራሊያዊ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ በላይ ጎረቤት ከተማ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳ ውሎ፣ ማታ ማታ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይለማመድ ጀመር። ዜግነቱን ከወሰደ በኋላ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ።

ይህ ሲሰማ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ከበበው። የአበሻ ልጆች የእግር ኳስ ቡድናችን አለቃ ተስፉ በማግሥቱ ማልያ ይዞ ቤታችን መጣ። በላይ «የኔ በእጅ ነው ወንድሜ» ቢለው ትሕትና መሰለው። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሱ ሲመጣለት በላይ እግሩ ሥር አሳልፎ ሰደደው፣ ሁለተኛውን አየር መታ፣ በሦስተኛው ተናዶ ኳሱን አቅፎ እስከ ጎሉ ሮጠ። ተስፉ ከሜዳው ዳር ሆኖ እንዲህ አለው፦

«አንተ ሰውዬ፣ አሜሪካ የምትተማመነው በአንተ ከሆነ እኛ ሌላ አገር ጥገኝነት እንጠይቅ።»

በላይ ሜዳው ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ።

ለአሜሪካ ከካናዳ ጋር ተጫውቷል፤ አንድ ጊዜም ለትናንሽ ቡድኖች ውድድር አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል። ደሞዝ የለውም፤ ከመጋዘኑ ፈቃድ እየለመነ ነበር የሚሄደው። የመጀመሪያው ቀን መዝሙሩ ሲዘመር ቃሉን ስለማያውቅ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ቪዲዮው ላይ ይታያል። ከአውስትራሊያ ሲመለስ ያመጣልን ወሬ የአንድ የደሴት አገር ተጫዋች ነበር፤ ጭኑ የበላይን ወገብ ያህላል። በላይ እግሩ ሥር ገብቶ ጣለው። ሰውየው ሲወድቅ ጉልበቱ የበላይን ጆሮ ግንድ አገኘው።

«ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ያየሁት እንደናንተው በቪዲዮ ነው» እያለ ያስቀን ነበር። ለእንግዳ ሁሉ ይህን ይናገራል፤ እኔም ስንት ጊዜ ሰምቼው ስንት ጊዜ ስቄያለሁ። ዛሬ የሕመሙን ታሪክ ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ፣ መጀመር ያለብኝ ከዚያ ቀልድ ነው።

ራስ ምታቱ የጀመረው ከሁለተኛው የካናዳ ጨዋታ በኋላ፣ በጸደይ ነው። ጠዋት ሲነሣ ይብሳል፣ ቀን ላይ ይለቀዋል። በመጀመሪያው ክሊኒክ ረጅም ሰዓት አስጠበቁን። ጥግ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ አንድ ሕፃን ያለማቋረጥ ያስላል፤ በላይ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተኛ። ሐኪሙ አፍንጫውን በመብራት አየና ሳይነስ ነው አለ። ዳላስ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የዛፉ ብናኝ ሲመጣ የከተማው ሰው ሁሉ ሳይነስ ነው።

«ራስህን ተመትተህ ታውቃለህ?» ብሎም ጠይቆት ነበር።

«አይ» አለ በላይ።

አልዋሸም። ለእሱ መመታት ማለት ራስን ስቶ በቃሬዛ መውጣት ነበር። ራሱ ጭው ብሎበት፣ ሜዳው ተገልብጦበት፣ ቡድኑ በየት በኩል እንደሚያጠቃ ጠፍቶት የተጫወተባቸው ቀናት ከመመታት አይቆጠሩም። እንግሊዝ ሳለ ጣት አሳይተው ስንት ነው ይሉታል፤ ከመለሰ ወደ ሜዳው ይመለሳል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አላረምኩትም፤ ለኔም አይቆጠርም ነበር።

የአፍንጫው መድኃኒት ምንም አላደረገለትም። እያደር ዝምተኛ ሆነ። ሲናገር ቃሉ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ይዘገያል። የግራ ጫማውን ክር ሳያስር ይወጣል። ቁልፍ ከግራ እጁ ይወድቅበታል፤ ሳነሣለት ይቆጣል። በላይ ተቆጥቶኝ የማያውቅ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሐኪም ስለ ሥራው፣ ስለ ስደቱ፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቆ ጭንቀት ነው አለና ክኒን አዘዘ። ክኒኑ ጭራሽ አስተኛው። እትዬ ዘውዴ በበኩሏ በልጁ ላይ ያረፈው ዓይን ነው አለች። «ቴሌቪዥን ላይ እየታየ፣ ሰው እያጨበጨበለት፤ እንዴት አይነካው?» ብላ ጸበል አመጣችለት። ጸበሉን በደስታ ጠጣ፣ ተጠመቀም። ጸበሉን አልወቅስም፣ ክኒኑንም አልወቅስም። ሁላችንም ባወቅነው በኩል ነበር የምንሮጠው። ሌሊት ሌሊት ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ ሲዘገይብኝ በክርኔ ነካ አደርገዋለሁ፤ ሲያጉረመርም ደስ ይለኛል።

ያዳነው አንድ ፖሊስ ነው። በላይ ከፎርት ዎርዝ ሲመለስ መኪናው ከመስመር መስመር ሲዋልል አይቶ አስቆመው። ሰክሯል ብሎ ነበር። በመስመር ላይ ተራመድ ሲለው በላይ ወደ ግራ ወደቀ። ትንፋሹን ሲመረምሩት መጠጥ የለበትም። ያ ፖሊስ አስሮት ቢሆን ኖሮ እዚያው እስር ቤት ተኝቶ ይቀር ነበር። እሱ ግን አምቡላንስ ጠራለት። ስሙን አላውቅም፤ በጸሎቴ «ያ ፖሊስ» እያልኩ ነው የማነሣው።

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ራሱን ስካን አደረጉት። የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪሟ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ቀጭን ሴት ነበረች። የግራ ጡጫዋን በቀኝ መዳፏ ሸፍና አሳየችን። ጡጫው አንጎል ነው፣ መዳፉ የራስ ቅል ነው። በሁለቱ መካከል ደም ተጠራቅሟል፤ አንዳንዱ የቆየ፣ አንዳንዱ አዲስ ነው። በየምቱ ጥቂት ጥቂት እየደማ አንጎሉን ወደ ጎን ገፍቶታል። ቅሉን በትንሹ በስታ ደሙን ታወጣዋለች።

ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዓይኑን ከፈተና ዙሪያውን አየ።

«ሰኒ፣ መኪናዬን ማን ፓርክ አደረገልኝ?» አለኝ።

ቃሉ አልዘገየም። የያዘኝ ደግሞ በግራ እጁ ነበር፤ ያውም አጥብቆ። እነዚያን ወራት የት እንደነበረ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ግን ባሌ ወደ ቤቱ እንደገባ ሰው ሆኖ ተመለሰልኝ።

ሐኪሟ እኔንና እትዬ ዘውዴን ኮሪደሩ ላይ ጠራችን። በላይ ይድናል አለች፤ ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ይነዳል። ያን ጨዋታ ግን ከእንግዲህ በፍጹም መጫወት የለበትም። ቀላል የሚመስል አንድ ምት ሊገድለው ይችላል። «ከእንቅልፉ በደንብ ሲነቃ እነግረዋለሁ» አለች።

እትዬ ዘውዴ ክንዷን ያዘቻት። «ፕሊስ ዶክተር፣ አንቺ አትንገሪው። በእኛ ባህል ክፉ ወሬ በአልጋ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት ነው የሚነገረው። እኛ በወጉ እንነግረዋለን።»

ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። እኔም አዎ አልኩ።

እትዬ ዘውዴን ሰው እንዳይፈርድባት ይህን ልንገራችሁ። የእናቷን ሞት የሰማችው ሥራ ቦታ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የአንዲት አሮጊት እግር እያጠበች ሳለ ስልክ ነው ብለው ጠሯት፤ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ የማታውቀው ሰው «አይ፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አላት። እጇ እንደረጠበ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ የሚያነሣት ዘመድ አልነበረም። ከቤተሰቤ ማንም እንዲህ አይሰማም ብላ የማለችው ያን ቀን ነው። በላይን እንደ ልጇ ነው ያሳደገችው። ጨዋታውን መቀማት ደግሞ ለእሱ ከመርዶ እንደማያንስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እሺ» አለች ሐኪሟ። «ግን ይወቅ። እኔ ጋ ለቀጠሮ ከመምጣቱ በፊት ይወቅ።»

ከሆስፒታል ያስወጣው ሌላ ሐኪም ነበር። እሱም በላይን «እስከሚቀጥለው ቀጠሮህ ከባድ ነገር አታንሣ፣ አትሩጥ» ብሎ ሸኘው። በላይ የሰማው «እስከሚቀጥለው ቀጠሮህ» የሚለውን ነበር።

ምክክሩ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሳክሲ፣ ጋሽ መኮንን ቤት ተደረገ። ጋሽ መኮንን በዕድሜ ታላቃችን ናቸው፤ ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። መምሬ ተክሌ መጡ፤ እሳቸው በሥራ ቀን የሆቴል ቫን ይነዳሉ። ተስፉም ነበር፤ እሱ የማታ ጥበቃ ነው። ነገሩ እንደ መርዶ ማለዳ ይነገረዋል ተባለ፤ ሳይሠራ፣ ሳይወጣ፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ። ጋሽ መኮንን ይናገራሉ፣ መምሬ ያጽናናሉ፣ ተስፉ እንደ ጓደኛ አጠገቡ ይቀመጣል። የቀረው ቀኑ ነበር።

«የፊታችን እሑድ?» አለች እትዬ ዘውዴ።

«እሑድ እኔ ኦፍ አይደለሁም፤ እረፍቴ ማክሰኞ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ማክሰኞ ቫኑን ለማን ልተወው?» አሉ መምሬ።

«እኔ ማክሰኞ ከሥራ የምወጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው» አለ ተስፉ። «ሶ፣ ወደ ሰባት ኤ ኤም ቢሆን?»

«መርዶ በሰባት ኤ ኤም?» አሉ ጋሽ መኮንን። «ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ሲሄድ ልንደርስ ነው? ልጄ፣ ይህ ቀጠሮ የሚያዝለት የጥርስ ሐኪም አይደለም።»

«ጋሼ፣ ለጥርስ ሐኪሙማ ኦፍ ይሰጡናል» አለ ተስፉ። ሳቅን።

እኔ «ሁላችሁም ባትሞሉስ? ሁለት ሰው አይበቃም?» አልኩ።

ጋሽ መኮንን በለዘበ ድምፅ መለሱልኝ። «የኔ ልጅ፣ የምንነጥቀው ግማሽ ሕይወቱን ነው። ሰው ሳይሞላ ቢነገረው፣ ብቻውን የወደቀ ይመስለዋል።»

ትክክል ነበሩ። ዛሬም ትክክል ይመስሉኛል። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ደጃችን ቆመው ነበር። እዚህ ግን የአንዱ ሺፍት ከሌላው ሺፍት አልገጥም አለ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ መምሬ ቀን ቀን እየነዱ ከሥራ መልስ ቅዳሴ ይቆማሉ፤ «ጾሙ ይውጣ፣ እሱም ይጠንክር» ተባለ። እሱም ጠነከረ።

ያ ክረምት ከትዳራችን ሁሉ የተሻለው ነበር። ልክድ አልችልም። ስፌቱን ያወጣችለት ነርስ እንዲህ ቶሎ የዳነ ሰው አላየሁም ብላ አደነቀችው። «ወድቄ ተነሣሁ» አላት። ፀጉሩ በጠባሳው ዙሪያ አድጎ ሸፈነው። ሲመሽና ሙቀቱ በረድ ሲል በሐይቁ ዳር እንራመዳለን፤ እንደ ድሮው ያበሽቀኛል፤ ዳክዬዎቹን በብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ስም ይጠራቸዋል። አንድ ማታ ቆም አለና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ሰኒ፣ ዶክተሯ ስለ ጨዋታ ያለችሽ ነገር የለም?»

ውሃውን እያየሁ ነበር። «ቀጠሮህ ላይ ራስህ ጠይቃት» አልኩት።

«ኦኬ። እስከዚያ ቀስ እያልኩ» አለ።

ይህች ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትመለስብኛለች። የጠየቀኝ ብቻችንን ሆነን ነበር። ቢወድቅ የማነሣው እኔ እበቃ ነበር።

ጾሙ በወጣ ሰሞን ከሥራ ስገባ የስልክ መልእክት መቀበያው መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። የኬን ድምፅ ነበር። ካናዳዎቹ ሊመጡ ነው፣ ቅዳሜ ልምምድ አለ፣ ናና ቢያንስ ውሃ አቀብለን ይላል። በላይ እያፏጨ ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት። እትዬ ዘውዴን ኮል አደረግኳት። እሷም ለጋሽ መኮንን ደወለች፤ ጋሽ መኮንን ለሁሉም ደወሉ። «እሑድ ማለዳ ነው፤ ኦፍ ያልሆነ አመመኝ ብሎ ይቅር» አሉ። ስንት ሳምንት ያልተገጣጠመው ቀን በአንድ ማታ ተገጣጠመ።

ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ ብትቀርስ?» አልኩት።

«ውሃ ላቀብል እኮ ነው። ውሃ ማን ገድሎ ያውቃል?»

አንድ ቀን ነው የቀረው ብዬ ዝም አልኩ።

የሆነውን ኋላ የነገረኝ ኬን ነው። በላይ እውነትም ውሃ ሲያቀብል ቆየ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ጎደለ፤ መጣጣል የሌለበት፣ በእጅ መነካካት ብቻ ያለበት ጨዋታ ነበርና ገባ። ኳሱ መሬት ላይ ሲንከባለል እሱና አንድ ልጅ እኩል ጎንበስ አሉ፤ ራስ ለራስ ተጋጩ። በላይ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሳቀ፣ ልጁን ደህና ነህ ብሎ ጠየቀ፣ ዳር ወጥቶ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ነድቶ ቤት መጣ፤ አንሶላውንም አጠፍን።

እራቱን ብዙም አልበላም። ደክሞኛል ብሎ በጊዜ ተኛ። እኔ ለማለዳው እንግዶች ብዬ ሸሚዙን ተኮስኩ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ስነሣ ሲያንኮራፋ ሰማሁት፤ ማንኮራፋቱ የእሱ ማንኮራፋት አልነበረም። ብጠራው፣ ብነቀንቀው አልነቃም። አምቡላንስ ጠራሁ።

ሰዎቹ በቃሬዛ ይዘውት ደረጃውን ሲወርዱ እነ ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደረጃውን እየወጡ ነበር። ደረጃው ጠባብ ነው። አራቱም ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣብቀው አሳለፉት። እትዬ ዘውዴ እጇን ዘርግታ እግሩን ነካችው።

በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ሁሉም ነበሩ፤ ጋሽ መኮንን፣ መምሬ፣ ተስፉ ከማታ ጥበቃው አቋርጦ እንደመጣ ከነዩኒፎርሙ፣ እትዬ ዘውዴ። ማንም ወደ ሥራ አልሄደም። እኩለ ቀን ገደማ ያችው ሐኪም መጣች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ደሙ ብዙ እንደነበረ፣ የተቻለውን እንዳደረገች፣ እንዳልተመለሰ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትሸሸኝ ነገረችኝ። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

ጋሽ መኮንን የሰሙት አልገባቸውም። «ምን አለች?» አሉኝ።

«አርፏል አለች» አልኳቸው። «ደግሞ፣ ያውቅ ነበር ወይ ትላለች።»

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ለቅሶ ላይ ኬን መጥቶ ከሰዎቻችን ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ረጃጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጥቶ። «ጠይቄው ነበር» አለኝ። «ሐኪሟን ገና አላገኘኋት፣ ሚስቴም ምንም አልሰማችም አለኝ። አንድ ቃል ብሰማ ሣሩን አላስረግጠውም ነበር። እሱም አይረግጠውም ነበር። ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ ኳሱን የሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ የሚነፋለት ብቻ ነው ያጣው።»

ይህን ለእትዬ ዘውዴ አልተረጎምኩላትም። እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ሰምታለች። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከጎኔ ተኝታ፣ «ቀስ ብሎ እንዲሰማ ብዬ ነበር» አለች። አውቃለሁ አልኳት። አልተቀያየምንም። ልብሱን የተካፈልነው አብረን ነው፤ የአሜሪካውን ማልያ እሷ ወሰደች፣ የእንግሊዙን እኔ አስቀረሁ።

ለሚያነብ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ራሱን የተመታ ሰው፣ ቆሞ ቢሄድም፣ ቢስቅም፣ ተመትቷል፤ ለሐኪም ይንገር። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ አንድ ወገን መድከም፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ጠባይ መለወጥ ሲመጣ በአንድ ሐኪም መልስ አይተኛ። ክፉ ወሬን ቀስ ብሎ የመንገር ወጋችንን ደግሞ አልንቀውም፤ ሰውን ብቻውን ላለመጣል የወጣ ወግ ነው። ግን ለሞተ ሰው የወጣ ነው፤ የሞተው ይጠብቃል። በሕይወት ያለው አይጠብቅም።

እኔ አሁን በአንድ ሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። አንዳንድ ቀን ዘመድ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፣ ኮሪደር ላይ እጄን ይይዘኛል፤ ሁሉንም አትንገሪው ይለኛል። እኔ ሐኪሙ ያለውን፣ በተባለበት ሰዓት፣ ለራሱ ለበሽተኛው እነግረዋለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ፣ ዘመዶቹ እስኪሞሉ ድረስ አብሬው እቀመጣለሁ።